ከሰባተኛው ጎጆ የሚመልሰው ድምፅ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ የሰባ ስድስት ዓመት አሮጊት ነኝ። ታሪክ መፍጠር አልችልበትም። የሆነውን እንደሆነ ነው የምነግራችሁ።

ብታምኑኝ እሰየው። ባታምኑኝም አልቀየማችሁም... እኔ ራሴ ባላምነው ምንኛ ደስ ባለኝ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ኅዳር መጨረሻ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል። ካፊያ ይጥላል። ጨለማ አልነበረም፤ ከታች ሰላጤው ከነመርከቦቹ ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር።

የቆምኩት ሰባተኛው ጎጆ በር ላይ ነው።

እኛ የፍልውሃ አበባ ገበሬዎች ነን። ተራራችን ከሥሩ ይፈላል። እንፋሎት በሚወጣበት መሬት ላይ ድንጋይ እንረበርባለን፣ በድንጋዩ ላይ ሰማያዊ ሸክላ እንደለድላለን፣ ከላይ የሣር ክዳን ጎጆ እንቀልሳለን። እንፋሎቱ በሸክላው ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ወለሉ ላይ እንደ ውርጭ ያለ ነጭ መርፌ ያበቅላል። አበባው እሱ ነው። በአርባ፣ በሃምሳ ቀኑ ፍቀን እናነሳዋለን፤ ወገቡን የሚያመው ሰው መታጠቢያው ውስጥ ይበትነዋል።

ጎጆ ውስጥ ማንም ብቻውን አይሠራም። ጋዝ አለ።

ጋዙ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። መሽተቱ ደግ ነው። ክፉው ሽታው ጠፋ ያላችሁ ዕለት ነው። መጀመሪያ አፍንጫችሁን ይገድላል... ቀጥሎ እናንተን።

ስለዚህ አንዱ ውስጥ ሲፍቅ፣ አንዱ ውጭ ቆሞ እስከ መቶ ይቆጥርና ይጣራል።

«አበበ ወይ?»

ውስጥ ያለው ይመልሳል።

«ገና ነው።»

ወለሉ በአበባ ተሸፍኖ ሸክላው ባይታይ እንኳ መልሱ «ገና ነው» ነው። ጎጆ ውስጥ ሆኖ «አበበ» ማለት ነውር ነው። ለምን እንደሆነ አያቴም አልነገረችኝ። ዋናው ድምፁ ነው። «ገና ነው» የሚል ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው።

ያደግኩት እንዲህ እየተባልኩ ነው። የተሳሳትኩትም እዚችው ላይ ነው።

ባለቤቴ ቶኩጂ የሞተው ሰባተኛው ጎጆ ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

ያን ዕለት ውጭ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። እየቆጠርኩ እጣራለሁ፣ እሱም ይመልሳል። መሃል ላይ በእንፋሎት የምንቀቅለውን እንቁላል ላገላብጥ እሄዳለሁ። ጎረቤታችን ጋሽ ሰኪቺ መጣና ሚስቱ እንዴት እንደምታንኮራፋ በአፉ እያሳየ አሳቀኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ተጣራሁ። «ገና ነው» አለ።

አንድ ጊዜ ግን ዘጠና ምናምን ላይ ደርሼ፣ ገና አፌን ሳልከፍት...

«ገና ነው።»

«ምን አስቸኮለህ? ልትቀልድብኝ ነው?» አልኩት። አልሳቀም።

የምሳ ሰዓት ሲያልፍ ጋሽ ሰኪቺን ነገሩ አላማረውም፤ በሩን ገፍቶ ገባ። ቶኩጂ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ሐኪሙ መጥቶ አየው፣ እጅና እግሩን አጠፍ ዘርጋ አደረገና ከሞተ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሆኖታል አለ።

ሦስት ሰዓት።

ለእኔ ግን ከአሥር ደቂቃ በፊት መልሶልኛል።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለፖሊስም፣ ለመነኩሴውም፣ ለልጄም። ምን ብዬ ልናገር? ባሌ ሲሞት በሰው ሚስት ማንኮራፋት እስቅ ነበር ልበል? ጆሮዬ ነው፣ ጋዙ ነው አልኩና ዋጥኩት። ጎጆው በገለባ ገመድ ታሰረ። ስድስቱን ጎጆዎች እየሠራን ሰባተኛውን ተውነው።

የወለድኳት አንዲት ልጅ ብቻ አለችኝ፤ ቺዙሩ ትባላለች። ባለፈው ኅዳር ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። በትልቁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው በሚፈላ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ነገሮችን ነው። ጋሽ ሰኪቺ ባገኛት ቁጥር «የእናትሽን ሾርባ ብታጠኚ ምን ነበረበት? እሱም ይፈላል፣ እሱም ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም» ይላታል።

ያን ኅዳር ጠርሙሶቿን በሣጥን ይዛ መጣች። የፈለገችው ሰባተኛውን ጎጆ ነው። ከሁሉም የሚሞቀው እሱ ነው፤ ውሃው እንደ ሆምጣጤ ይኮመጥጣል፣ አሥራ አንድ ዓመት ሰው አልነካውም። ስታወራ ዓይኗ ይበራል፤ ልክ እንደ አባቷ።

ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ግራጫ ነው። እንደ አተር ክብ ያለ ነገር፣ በላዩ ላይ እንደ ድንኳን ቀጥ ቀጥ ያሉ እባጮች።

«አተሯ ሕያው ናት» አለችኝ። ስሟን ነግራኝ ነበር፣ አርኬያ ነው ምን። ሰው ጣቱን ቢነክር በሚላጥበት ውሃ ውስጥ ተመችቷት የምትኖር ደቃቅ ፍጥረት። ድንኳኖቹ ግን የሷ አይደሉም።

«ጎናቸውን ቁጠሪ እማዬ። ሰባት ነው። ሁሌም ሰባት።»

ቀጥሎ ሌላ ፎቶ አወጣች። ድንኳኖቹ ተከፍተዋል። ሰባት ቅጠል ወደ ውጭ ተገልብጦ... አበባ ነው የሚመስለው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የቫይረስ በር።»

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ቫይረሱ የራሱ እጅ የለውም፣ የራሱ አፍ የለውም። አተሯ ውስጥ ይገባና በሷ እጅ ራሱን ያበዛል። እሷ ከውጭ ስትታይ ደህና ናት። አንድ ቀን ድንኳኖቹ ባንድ ጊዜ ይከፈታሉ፣ ውስጥ ያለው ሁሉ ወጥቶ ይሄዳል።

«ቤቱ ግን ቆሞ ይቀራል» አለችኝ። «ከሩቅ ስታዪው ሰው ያለበት ይመስልሻል።»

የያዝኩትን ስኒ አስቀመጥኩ።

ሌላም ዓይነት አለ አለች። ከቤቱ ከወጣ በኋላ በሁለት በኩል ጅራት የሚያበቅል። ማንም ሳይመግበው፣ በሕይወት ሳይኖር፣ ሙቀት ብቻ ካገኘ ብቻውን ይረዝማል።

«ለምን ብሎ?»

«እንጃ። ቤት እየፈለገ ይመስላል።»

ሰውንስ ይይዛል ወይ አልኳት። ሳቀች። «እኛ ለነሱ በረዶ ነን እኮ፣ እማዬ።»

ሰባተኛው ይቅርብሽ፣ ከስድስቱ አንዱን ልክፈትልሽ ብዬ ለመንኳት። አባዬን የገደለው ጋዝ ነው፣ ጋዝ ደግሞ ይለካል አለችኝ፤ ደረቷ ላይ የምታንጠለጥላትን መለኪያ እያሳየችኝ።

ልነግራት የምችለው ያን ጊዜ ነበር። አባትሽ ከሞተ በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲመልስልኝ ነበር ማለት እችል ነበር።

ተነስቼ ሩዝ ማጠብ ጀመርኩ።

አንድ ነገር ግን አደረግኩ። «ነገ ስጠራሽ ‹ገና ነው› አትበይኝ» አልኳት።

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ያረረ ድንች።»

መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ አፏን ይዛ ሳቀች። ያረረው ድንች የሁለታችን ምሥጢር ነው። ቶኩጂን በሸኘን በሦስተኛው ቀን፣ ዘመድ ሁሉ ሲሄድ፣ ስኳር ድንች ምድጃ ላይ ጥደን ረስተነው ከሰል ሆነ። ከሰሉን ለሁለት ተካፍለን በላነው፤ አፋችን ጠቁሮ፣ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። በኀዘን ቤት እንዲያ መሳቃችን አሳፍሮን ለነፍስ አልተናገርንም። ቶኩጂ የማያውቀው ነገር ነው።

ሰባተኛው ጎጆም የማያውቀው።

እንግዲህ ሐሙስ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል።

ገመዱን በወገቧ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ከጎተተችው «አውጪኝ» ማለት ነው። ጭምብሏን አጠለቀች፣ መለኪያዋን ነካካች፣ ጠርሙሶቿን ይዛ ጎንበስ ብላ ገባች። በሩ ከኋላዋ ገጠመ።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

መቶ።

«አበበ ወይ?»

«ያረረ ድንች!» አለች፤ ሳቋ ይሰማኛል።

እንደገና መቶ።

«አበበ ወይ?»

«ያረረ ድንች።»

ሦስተኛው ላይ ዘገየች። ጆሮዬን በሩ ላይ አስጠጋሁ። ቀስ ብሎ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ፣ «ያረረ... ድንች» አለ።

አራተኛውን ስቆጥር አንድ ነገር ታወቀኝ። ሽታ የለም። የጎጆው በር ላይ ቆሜ... ምንም አይሸተኝም።

ሰባ ሦስት ላይ ነበርኩ። ገና አልተጣራሁም።

«ገና ነው።»

የልጄ ድምፅ ነው። ቃሉ ግን...

ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላ ወደቅኩ፣ ጎተትኩ። ያን ጊዜ በሩ ራሱ ተከፈተ። ቺዙሩ ወጣች። ቀጥ ብላ፣ ረጋ ብላ።

«ጨረስኩ እማዬ» አለችኝ።

አቀፍኳት። ልጆቼ፣ እናት ልጇን ስታገኝ አትመረምርም። ሰውነቷ ትኩስ ነበር፤ ከጎጆ የወጣ ሰው ይሞቃል አልኩ። ካፊያው ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ወዲያው እየደረቀ ይጠፋል፤ የዝናብ ልብሷ ነው አልኩ። መለኪያዋ ጠፍቷል፤ ባትሪው ነው አልኩ። ቃሉን አልጠየቅኳትም። ይዤ መኪናችን ውስጥ አስቀመጥኳት።

ገመዱን ልሰበስብ ተመለስኩ።

ስትወጣ ወገቧ ላይ አልነበረም። ፈትታው መሆን አለበት። ጫፉ በበሩ ሥር ወደ ውስጥ ገብቷል። ሳብ አደረግኩት።

አልመጣም።

ከወዲያ በኩል ተይዟል። ከዚያ... ቀስ ብሎ... ጎተተኝ።

አንዴ።

ሁለቴ።

ቶኩጂን የበላው ነገር ነው አልኩ። ልጄ መኪናው ውስጥ ናት፣ አምልጣለች፣ አሁን እኔን ሊያስገባኝ ነው አልኩ። ገመዱን ለቀቅኩ። በሩን ዘጋሁ፤ በገለባው ገመድ ሦስት ጊዜ ጠምጥሜ አሰርኩት። በእነዚህ እጆቼ።

ትንሽ ዕረፉ ልጆቼ። እኔም ልረፍ።

ማታ ሻይ ቀዳሁላት። ገና እየተንተከተከ የወረደ ውሃ ነው። ባንድ ትንፋሽ ጨለጠችው፤ ከንፈሯ እንኳ አልቀላም። ሾርባዬን በላች፣ ጣፈጠኝም አልጣፈጠኝም አላለችም። ከጎጆ የወጣ ሰው ልብሱ ሁለት ቀን ይገማል። የሷ ልብስ ምንም አልሸተተም።

ቅዳሜ ሄደች። የጠርሙሶቿን ሣጥን በራፍ ላይ ትታው። ለዚያ ብላ የመጣችበትን ሁሉ። ሮጬ ደርሼ ረሳሽው ስላት «ኋላ እወስደዋለሁ» አለች፣ ሣጥኑን ሳታየው።

በየእሑዱ ትደውል ነበር፣ ሁሌ በዚያችው ሰዓት። «ደህና ነሽ እማዬ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው።» አንድ ቃል ሳይጨመር፣ አንድ ቃል ሳይቀነስ።

በሦስተኛው እሑድ አላስችል አለኝ።

«ቺዙሩ... ያን ዕለት ስጠራሽ ምን ብለሽ ነበር የመለስሽልኝ...»

ሳልጨርስ መጣ።

«ገና ነው።»

ስልኩ ውስጥ የሰው ትንፋሽ አልነበረም።

ጫማዬን በግልባጭ አድርጌ ሽቅብ ሮጥኩ። ሰባተኛው በር ላይ ደረስኩ። ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ ተጣራሁ።

«አበበ ወይ?»

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ቀጥሎ ከሥር፣ በጣም ከሥር...

«ያረረ ድንች... እማዬ... ያረረ ድንች...»

በሩን ሰብሬ ገባሁ። ማንም የለም። ወለሉ በነጭ አበባ ተሸፍኗል፤ የሰው ዱካ የለበትም። ገመዱ ከበሩ ተነስቶ እስከ መሃል ይሄድና ሸክላው ውስጥ ይሰምጣል። በእጄ ቆፈርኩ። እየቆፈርኩ ድምፁ ይጠራኛል፣ ከፍ አይልም፣ ዝቅ አይልም። ጋሽ ሰኪቺ መጥቶ በብብቴ ይዞ ሲያወጣኝ የጣቶቼ ቆዳ ተልጦ ነበር።

«ስማ» አልኩት በሹክሹክታ። «ትሰማለህ?»

«እትዬ ኪዮኖ» አለኝ፣ እንደ ሕፃን እያባበለ። «ባዶ ነው። ልጅሽ ከተማ ናት። ትናንት ባቡር ጣቢያ ያያት ሰው አለ።»

ምን ልበል? ለማንስ አቤት ልበል? ልጄ በሕይወት አለች። ሥራ ትገባለች፣ ደመወዝ ትቀበላለች፣ ለአለቆቿ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ትሰጣለች። ሰው ሁሉ ደህና ናት ይለኛል።

ቤቱ ቆሟል።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስምንት ተኩል ላይ እወጣለሁ። ትንሽ በርጩማ አለችኝ፣ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። መቶ እቆጥራለሁ። «አበበ ወይ?» እላለሁ። «ያረረ ድንች» ትለኛለች። ሾርባ ምን እንደሠራሁ እነግራታለሁ። የጋሽ ሰኪቺ ሚስት ስታንኮራፋ ድመቷ ቤት ጥላ እንደጠፋች እነግራታለሁ። አትስቅም። ግን ትመልሳለች። ለምን በሩን ዘጋሽብኝ ብላ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም።

የበረዶውን ወራት ሙሉ እንዲህ ሆንን። ድምፁ በየቀኑ እየራቀ ሄደ። የምፈራው አንድ ነገር ነበር። እኔ ስሞት ማን ይጠራታል?

አሁን እሱንም መፍራት ቀርቶልኛል።

ከአራት ቀን በፊት ነው። በረዶው ቀልጦ፣ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ተቀምጬ ተጣራሁ። መልስ የለም። መቶ ቆጠርኩ። ሁለት መቶ። ሦስት መቶ ላይ ስደርስ ቅርብ ሆኖ፣ በሩ ሥር ያለች ያህል ቅርብ ሆኖ ሰማኋት።

«እማዬ...»

«አቤት ልጄ።»

«አበበ።»

ጎጆው ድምፅ አላሰማም። የሣር ክዳኑ ከጫፉ ተሰነጠቀ፤ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይነካው፣ ወደ ውጭ መገልበጥ ጀመረ። የክዳኑ አንድ ጎን እግሬ ሥር ድረስ መጥቶ ተኛ። ቆጠርኳቸው። ሰባት ናቸው።

ውስጡ ምንም አልነበረም። አበባ የለም። ገመድ የለም። እንፋሎት እንኳ የለም።

ተራራው በሙሉ መሽተቱን አቆመ።

ቆሜ ቀረሁ። አልተጣራሁም፤ እምላለሁ፣ አፌን አልከፈትኩም። ከታች በኩል ግን፣ ያን ሰዓት ሰው ከሌለባቸው ከስድስቱ ጎጆዎች፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በየተራ ይመልሱልኝ ጀመር።

«ገና ነው።» ቶኩጂ ነው።

«ገና ነው።» ቺዙሩ ናት።

ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን አላወቅኳቸውም።

ስድስተኛው ትንሽ ቆየ። ሳል አለበት፤ የአሮጊት ሳል። ጉሮሮውን ጠረገና...

«ገና ነው» አለ።

በኔ ድምፅ።